ግዝረትና ጥምቀት፦ የሁለቱ ኪዳናት ምልክቶች



በአንድ ቁምስና ለጥምቀት ሲዘጋጅ የቆየ ጎልማሳ የጥምቀቱ ቀን ሲቃረብ ከትምህርቱ ቀረ። ምክንያቱ ሲጠየቅ፣ ጎረቤቶቹ «መጀመሪያ ካልተገረዝህ ክርስቲያን ልትሆን አትችልም» እንዳሉት ታወቀ። እርሱ የተወለደበት ሕዝብ ወንድ ልጅን የመግረዝ ልማድ የለውም። ጉዳዩ ቀላል ይመስላል፤ ዳሩ ግን ሰው የሚድነው በምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ነውና የእምነታችንን መሠረት ይነካል።

1. ለአብርሃም የተሰጠ ምልክት

እግዚአብሔር ከአብርሃም ጋር ኪዳን በገባ ጊዜ ግዝረትን የኪዳኑ ምልክት አድርጎ ሰጠው (ዘፍ. 17፡9-14)። በስምንተኛው ቀን የሚገረዘው ሕፃን አንዳች መልካም ሥራ ሳይሠራ ከእግዚአብሔር ሕዝብ ጋር ይቈጠር ነበር። ይሁን እንጂ ቅዱስ ጳውሎስ እንደሚያስገነዝበን አብርሃም በእምነቱ የጸደቀው ገና ሳይገረዝ ነው፤ ምልክቱ የመጣው ቀድሞ ለነበረው እምነት ማኅተም ሊሆን ነው (ሮሜ 4፡9-12)። ሙሴና ነቢዩ ኤርምያስም ሕዝቡ ልቡን እንዲገርዝ አጥብቀው አሳስበዋል (ዘዳ. 10፡16፤ ኤር. 4፡4)።

2. በክርስቶስ መፈጸሙ

ጌታችን ራሱ በስምንተኛው ቀን ተገረዘ፤ ኢየሱስ ተብሎም ተጠራ (ሉቃ. 2፡21)። በግዕዝ ሥርዓት ይህ በዓል ጥር 6 ቀን ይከበራል። ጌታ ከሕግ በታች የሆነው ሕጉን በእኛ ላይ ሊያጸና ሳይሆን ስለ እኛ ሊፈጽመው ነው። ስለዚህ ሐዋርያው ጥምቀትን የሰው እጅ ካልሠራው ግዝረት ጋር ያያይዘዋል (ቆላ. 2፡11-12)። የቀድሞው ምልክት በወንዶች ሥጋ ላይ ብቻ ነበር፤ ጥምቀት ግን በወንድና በሴት ነፍስ ላይ እኩል የሚታተም፣ የማይፋቅ ማኅተም ነው (ገላ. 3፡27-28)።

3. የሐዋርያት ውሳኔ

የዛሬው ጥያቄ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ49 ዓ.ም. ገደማ ሐዋርያት በኢየሩሳሌም የተሰበሰቡት ስለዚሁ ነበር፤ ከአሕዛብ ለሚያምኑ ሰዎች ግዝረት ግዴታ እንዳይሆንም ወሰኑ (ሐዋ. 15)። ከዚያ በኋላ ቅዱስ ጳውሎስ በአይሁድ መካከል ለማገልገል እንዲመች ጢሞቴዎስን ገረዘው (ሐዋ. 16፡3)፤ ግሪካዊው ቲቶ እንዲገረዝ በተፈለገ ጊዜ ግን እሺ አላለም (ገላ. 2፡3-5)። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ ለመዳን ግዴታ ነው ሲባል ሐዋርያው አይታገሥም።

4. በሀገራችን

ብዙዎቻችን ወንዶች ልጆቻችንን በስምንተኛው ቀን እናስገርዛለን። ዐፄ ገላውዴዎስ እ.ኤ.አ. በ1555 ዓ.ም. በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ፣ ኢትዮጵያውያን የሚገረዙት ስለ ኦሪት ሕግ ሳይሆን እንደ ሀገር ልማድ እንደ ሆነ ገልጸዋል። ልማዱ በዚህ ልክ ከተያዘ ከእምነታችን ጋር አይጋጭም። ልማድን የጥምቀት በር ጠባቂ ማድረግ ግን ሐዋርያት የዘጉትን ክርክር እንደገና መክፈት ነው።

የሴት ልጅ ግርዛት ደግሞ ከአብርሃም ኪዳን ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ መጽሐፍ ቅዱስም አያዝዘውም። አካልን የሚጎዳ በመሆኑ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የሀገራችን የወንጀል ሕግም ይከለክለዋል። ይህን በሃይማኖት ስም የሚያስፈጽም ቢኖር በፍቅር፣ ነገር ግን በግልጽ ልናርመው ይገባል።

እንግዲህ ያን ጎልማሳ ማን ሄዶ ይጥራው? እስኪመለስ ድረስ በቤታችን መቀመጥ አይበቃም። የከለከሉት ጎረቤቶቹም በክፋት ሳይሆን ባለማወቅ ነውና እነርሱንም እናስተምር። ለእርሱ የምንጠይቀው አብርሃም የነበረውን እምነት ነው፤ የምንሰጠውም የክርስቶስን ጥምቀት ነው።

ለውይይት

ሀ. አብርሃም ከመገረዙ በፊት መጽደቁ ስለ እምነት ምን ያስተምረናል?

ለ. በቁምስናችን ከጥምቀት ጋር ሳናውቀው ያያያዝነው ሌላ ልማድ አለን?

ሐ. የተጠመቅን ሁላችን፣ ዛሬ ከልባችን ሊቈረጥ የሚገባው ምንድን ነው?