ቫርኒሽ በእርጥብ ጥቅል ላይ አይሰጥም

እንደሚታወቀው ክረምት ለኤሌክትሪክ ሞተር ክፉ ወቅት ነው። «ትናንት ደህና ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ስናስነሳው ፊውዝ አቃጠለ» ሲባል እንሰማለን። የወፍጮ ሞተር ተቃጠለ ማለት ደግሞ እህሉን ተሸክሞ የመጣው ሁሉ ዱቄት ሳይዝ ተመለሰ ማለት ነው። ስለዚህ ቫርኒሽ ምን እንደሚሠራና እንዴት እንደሚሰጥ ባጭሩ እንመለከታለን።

እርጥበቱ ከየት ይመጣል?
ሞተር ሲሠራ ይሞቃል፤ በውስጡ ያለው አየር ተለጥጦ ይወጣል። ሲቆም ይቀዘቅዝና የውጪውን እርጥብ አየር ይስባል። ሌሊት ላይ ጤዛ በሽቦው ጥቅል ላይ ያርፋል፤ ወረቀቱና የጥጥ ማሰሪያው ይጠጡታል። አቧራ ሲታከልበት ኢንሱሌሽኑ ይደክምና ኤሌክትሪኩ ወደ ሞተሩ አካል ያመልጣል። የመሬት ሽቦ ካልታሰረለት የነካውን ሰው ሊገድል ይችላል።

ቫርኒሽ ምን ይሠራል?
በሽቦዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላል፤ በንዝረት እንዳይፋተጉ ያጣብቃቸዋል፤ ሙቀቱንም ወደ ብረቱ ያሻግራል። እርጥበትን ያዘገያል እንጂ ፈጽሞ አያግድም። የተቃጠለ ጥቅልንም አያድንም።

የአሠራሩ ቅደም ተከተል
1. ሞተሩን ከመስመር ለዩ፤ ፈታታችሁ አቧራውንና ግራሶውን አጽዱ።
2. በምድጃ አድርቁ። ብዙ ውኃ የጠጣ ከሆነ በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ጀምሩ፤ ውኃው ድንገት ፈልቶ ኢንሱሌሽኑን እንዳይሰነጥቀው ነው።
3. በ500 ቮልት ሜገር ለኩ። መጀመሪያ ላይ ንባቡ ቢወርድ አትደንግጡ፤ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ንባቡ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ኋላ ወጥቶ ሲረጋ ደርቋል ማለት ነው። ለ380 ቮልት ሞተር በ40 ዲግሪ ከ5 ሜጋኦም ማነስ የለበትም።
4. ጥቅሉ ለብ እንዳለ ቫርኒሹ ውስጥ ንከሩት፤ አረፋው እስኪያቆም አታውጡት።
5. አንጠባጥቡና በቆርቆሮው ላይ በተጻፈው ሙቀትና ሰዓት ጋግሩት። እርጥበት በሚበዛበት ቦታ ለሚሠራ ሞተር ይኸው አንድ ጊዜ ይደገም።

ጥንቃቄ፦ የቫርኒሽ ትነት እሳት ይይዛል፤ መስኮት ክፈቱ፤ ሲጋራም ሆነ ክብሪት አይኑር።

ሰልጣኞች ሆይ! ቸኩሎ እርጥቡን ጥቅል መቀባት ውኃውን ከውስጥ መቆለፍ ነው፤ ላዩ ያብለጨልጫል፣ ውስጡ ይበሰብሳል። ነገ ተማሪዎቻችንን ስናስተምር ከብሩሹ በፊት ሜገሩን እናስይዛቸው።