ለይተን ያስቀመጥነው ቆሻሻ ወዴት ይሄዳል?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ሰውን የሚጎዳ ነገር ከመንገድ ማንሳት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን አስተምረውናል። ይህን ሐዲስ ያልሰማ ሙስሊም ጥቂት ነው። ጥያቄው ያነሳነውን የት አደረስነው? የሚለው ነው።

በ1999 ዓ.ም የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 እያንዳንዱ አባወራ ዳግም ጥቅም ላይ የሚውለውን ከሚጣለው እንዲለይ አዝዞ ነበር። ትእዛዙ መልካም ሆኖ ሳለ በብዙ ቤት ሥር አልሰደደም። ለምን?

አንደኛ፣ እቤት በሁለት ማዳበሪያ የተለየው ቆሻሻ በር ላይ የሚጠብቀው አንድ ጋሪ ከሆነ ተመልሶ ይደባለቃል። ይህን ያየች እናት በሚቀጥለው ሳምንት አትደክምም። ሁለተኛ፣ የሰብሳቢዎች ክፍያ በሜትር ኪዩብ ሲታሰብ ብዙ የጫነ እንጂ ለይቶ ያመጣ አይጠቀምም። ሦስተኛ፣ ሃይላንድና ቆርቆሮ ገዢ አላቸው፤ የቆሸሸ ፌስታል ግን የለውም። አዳማ ነፋስ የበረታባት፣ በኮረብታ የተከበበች ዝቅተኛ ሥፍራ ናት። የተበተነው ፌስታል ቦይ ይዘጋል፤ ክረምት ሲገባ ጎርፉ የጎረቤትን ቤት ይሞላል። ጎረቤትን መጉዳት ደግሞ በዲናችን የተከለከለ ነው።

ሁሉም ተደባልቆ ሲከመር ምን እንደሚያስከትል በመጋቢት 2009 ዓ.ም አዲስ አበባ ቆሼ ላይ አይተናል፤ ከ110 በላይ ነፍስ ጠፍቷል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አዲስ ፕሮጀክት ከመጠበቅ በፊት በእጃችን ያለውን እናክብር። «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ወንድማችን ሥራው የሚሰምርለት ገዢ ያለውን ዕቃ ብቻ፣ ከበራችን፣ ደረቁን፣ ከፍሎ ስለሚወስድ ነው። ስለዚህ እርጥቡን ከደረቁ እንለይ፤ ጠርሙሱን አለቅልቀን እናቆይለት። የተሰበረ ብርጭቆ በካርቶን ይጠቅለል፤ የሰብሳቢዋ እጅ አማና ነው። ከቆራሌው የሚገዙ ነጋዴዎችም ሱረቱል ሙጠፊፊን ሚዛን በሚያጎድሉ ላይ መውረዱን አይርሱ።

እንደ ሞጆና ባቱ ባሉ ከተሞች የአንድ ቤት ጠርሙስ የመኪና ጭነት አይሞላም። የመስጊድ ጀመዓ ግን፣ በተለይ በረመዷን ከኢፍጣር የሚተርፈውን፣ በአንድ ጥግ አጠራቅሞ ቢሸጥ ገንዘቡ ለመድረሳ ይሆናል። ለፌስታሉ መፍትሔው አለመቀበል ብቻ ነው፤ እንደ እናቶቻችን ዘንቢል ይዞ ገበያ መውጣት።

ኢማናችን ሶላት ከሰገድንበት ምንጣፍ አልፎ ደጃችን ላይም ይታይ።

ወላሁ አዕለም።