የሳይክል ፎርኬላና ፓራፋንጎ በቤት ሲቀባ

ቆቦ ሜዳ ነው፤ ከሮቢት እስከ ዋጃ ሳይክል የሚያደክም ዳገት የለም ማለት ይቻላል። ሳይክሉን የሚበላው የሆርማትና የጎሊና ወንዞች ከምዕራቡ ተራራ የሚያወርዱት ደለል ነው። በክረምት ጭቃ ሆኖ ፓራፋንጎ ሥር ይጋገራል፣ በበጋ አቧራ ሆኖ ቀለም በተቀባ ዕቃ ሁሉ ላይ ያርፋል።

መጀመሪያ ሳይክሉን ገልብጠው ፓራፋንጎውን የያዘውን ብሎን ዙሪያ ይዩ። ቀለሙ አብጦ ከሆነ በጥፍርዎ ይጫኑት፤ ቅርፊቱ ተነሥቶ ቡናማ ዱቄት ይራገፋል። በካቻቢቴ ጫፍ ወጋ ሲደረግ የሚበሳ ቆርቆሮ ቀለም አያድነውም፣ ይቀየር። ፎርኬላው ላይ ስንጥቅ ካለ ደግሞ ጨርሶ አይቀቡት። ቀለም ስንጥቅ ይሸፍናል እንጂ አይጠግንም፤ ፎርኬላ የተሰበረበት ሰው የሚወድቀው በግንባሩ ነው።

ጊዜውን ይምረጡ። ሐምሌና ነሐሴ እርጥበቱ ቀለሙን ያደበዝዘዋል፤ የማሽላ ውቂያ ሲጀመር ደግሞ ብናኙ አያስቀባም። በእኔ ግምት ከመስከረም አጋማሽ በኋላ፣ አቧራው ገና ሳይነሣ ያለው ጊዜ ይሻላል። ሰዓቱም ጠዋት ነው፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ ነፋሱ ሳይነሣ። በእጅ ለመያዝ የሚያቃጥል ብረት ላይ ስፕሬይ አይነፋም፤ ቀለሙ አየር ላይ እያለ ይደርቅና አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል።

ዕቃዎቹን ፈትተው በኦሞ ይጠቡ፣ ያድርቁ። ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ካለ ያስጠጉት። ካልያዘ አልሙኒየም ሊሆን ስለሚችል ተራ አንቲረስት አይበቃውም፤ ለአልሙኒየም የተሠራ ፕራይመር ይጠይቁ። የሚያብለጨልጨውን ኒኬል የተነከረ ዕቃ ግን ባይነኩት ይመረጣል፤ ቀለም ቶሎ ይላጥበታል።

ከዚህ በኋላ ያለው ፍተጋ ነው፤ ልፋቱ በአብዛኛው እዚህ ላይ ያልቃል። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽና በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አውርደው፣ ጭረቱ እስኪለሰልስ በ240 ይድገሙት። ዝገት የሌለበት አሮጌ ቀለም እስከ ብረቱ መላጥ የለበትም፣ ማንጸባረቁ ከጠፋ ይበቃል። አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። ዛሬ በአገራችን በቀለም ውስጥ የሚፈቀደው እርሳስ ከ1 ሚሊዮን 90 እጅ ነው፤ የድሮው ሳይክል ግን ይህ ገደብ ሳይወጣ ተቀብቶ ይሆናል። ስለዚህ ወረቀቱን ውኃ እየነከሩ ይፈትጉ፣ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፣ ሕፃናትን ያርቁ። በእሳት ማቃጠሉንማ ይተዉት።

ዕቃው ሲደርቅ ነጭ ጨርቅ በቲነር አርሰው ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ይጥረጉት። ከዚያ ወዲያ ባዶ እጅ አይንካው፤ የጣት ቅባት ያለበት ቦታ ቀለም አይዝም። የብሎን ጥርሱንና ኩሽኔታ የሚቀመጥበትን ቦታ በወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑ። ቸርኬም የሚቀቡ ከሆነ የፍሬን ጎማ የሚነካው ዙሪያ ቀለም አይንካው፣ ፍሬን ያሳጣል።

ግቢውን ውኃ ረጭተው አቧራውን ያስተኙና ዕቃውን ከነፋስ በተከለለ፣ አየር ግን በሚዘዋወርበት ቦታ በሽቦ ይስቀሉት። አንቲረስቱ ይቅደም። በቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን የመድረቂያ ጊዜ ጠብቀው በ400 ቁጥር ወረቀት ቀለል አድርገው ይሹት፣ ይጥረጉት። ስፕሬዩን በደንብ ነቅንቀው ከ25 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ይንፉ፤ መንፋቱን ከዕቃው ጠርዝ ውጭ ጀምረው ከጠርዙ ውጭ ይጨርሱ። የመጀመሪያው ዙር ስስ ይሁን፣ ሥሩ ቢታይ አይጨነቁ። በየዙሩ መካከል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቀው ሦስት ጊዜ ይድገሙ። በአንድ ዙር ለመሸፈን የቸኮለ ሰው ቀለሙ እንደ ሰም ይንጠባጠብበታል።

ለፓራፋንጎ የውስጥ ገጽ ግን እኔ ስፕሬይ አልመክርም። በብሩሽ የተቀባ ወፍራም ዘይት ቀለም ጠጠር ሲመታው የተሻለ ይችላል፤ ሁለት ጊዜ ይቀቡና በመካከሉ አንድ ቀን ይጠብቁ።

ሲነኩት የደረቀ የሚመስል ቀለም ውስጡ ገና ለስላሳ ነው፤ ለመግጠም አንድ ሳምንት ይታገሡ። ሲገጥሙ ከአሮጌ ካላማዳሪያ ክብ ቁራጭ ቆርጠው በየብሎኑ ሥር ያድርጉ፣ ብሎኑ ሲጠብቅ ቀለሙ እንዳይሰነጠቅ። ኩሽኔታውን አዲስ ግሪስ ይቀቡት።

ስፕሬይ ከተረፈ ጣሳውን ገልብጠው አየር ብቻ እስኪወጣ ይንፉት፤ አለዚያ አፉ ይደፈናል። ፀሐይ ላይ አያስቀምጡት። ባለቀ ጊዜም ከቆሻሻ ጋር እሳት ውስጥ አይጣሉት፣ ባዶውም ይፈነዳል።