ስለ ጭርትና ስለ ቈረቈር፤ በቆዳም ላይ ስለሚቀባው መድኃኒት አጠቃቀም

እንጀራ በርጥበትና በሙቀት ውስጥ ብዙ ቀን የቈየ እንደ ሆነ ሻጋታ እንደሚያበቅል ሁላችን እናውቃለን። ሻጋታውን እንጀራው ራሱ አልፈጠረውም፤ በዐይን የማይታይ ዘር ከውጭ መጥቶ ወደቀበት፥ የሚስማማውንም ስፍራ ስላገኘ በቀለ እንጂ። በሰው ቆዳ ላይ የሚወጡት ጭርት፥ ቋቍቻና ቈረቈርም ነገራቸው እንደዚሁ ነው። ሐኪሞች ይህን የሻጋታ ወገን ፈንገስ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1839 ሾንላይን የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ከራስ ቍስል የተወሰደ ቅርፊት በማጉያ መነጽር ተመልክቶ ፈንገሱን አገኘ። ከዚያ በፊት ብዙ ሊቃውንት ሕመሙ ከሰውነት ውስጥ የሚመነጭ ይመስላቸው ነበር፤ ዛሬም በየመንደሩ «ደሙ ተበላሽቶ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም።

ጭርት በክንድ፥ በአንገት፥ በወገብ ወይም በፊት ላይ ክብ ሆኖ ይወጣል። ዳር ዳሩ ከፍ ብሎ ቅርፊት ያወጣል፥ መካከሉ ግን እየጠራ ይሄዳል፤ ያሳክካልም። ቋቍቻ በደረት፥ በትከሻና በጀርባ ላይ ነጣ ወይም ጠቈር ያሉ ትንንሽ ምልክቶች ሆኖ ይታያል። በእግር ጣቶች መካከል የሚወጣው ደግሞ ቆዳውን ያነጣዋል፥ ይሰነጥቀዋልም፤ ዝግ ጫማ የሚያዘወትሩትን ይበልጥ ያገኛቸዋል። ቈረቈር በልጆች ራስ ላይ የሚወጣው ነው፤ ስለ እርሱ ወደ ኋላ ለብቻው እንናገራለን። ቋቍቻን የሚያመጣው ፈንገስ በጤነኛ ሰው ቆዳም ላይ የሚኖር ነውና ይጋባል ተብሎ አይፈራም። ጭርትና ቈረቈር ግን በመነካካት፥ በአንድ ፎጣ በመድረቅ፥ በአንድ ማበጠሪያ በማበጠር ከሰው ወደ ሰው ይሄዳሉ፤ ከጥጃ፥ ከውሻና ከድመትም ይመጣሉ።

ለነዚህ ሕመሞች የተዘጋጀው ቅባት ዓይነቱ ብዙ ነው። ከሁሉ የቈየው ከእንግሊዛዊው የቆዳ ሐኪም ከአርተር ዊትፊልድ ስሙን ያገኘው የዊትፊልድ ቅባት ነው፤ ከመቶው 6 እጅ ቤንዞይክ አሲድ፥ 3 እጅ ሳሊሲሊክ አሲድ አለበት። ይህ ቅባት ይጠቅማል፥ ዳሩ ግን ያቃጥላልና በፊት፥ በብሽሽት፥ በቈሰለ ቆዳና በሕፃናት ላይ ሊቀባ አይገባም። ከእርሱ በኋላ የወጡት ክሎትሪማዞልና ማይኮናዞል ለቆዳ ይለሰልሳሉ፤ የመጀመሪያው ከመቶ 1 እጅ፥ ሁለተኛው ከመቶ 2 እጅ ሆኖ በቱቦ ይሸጣል።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፥ ከዚህ በታች ያለውን ነገር ከሁሉ አብልጣችሁ ልብ አድርጉት። አንዲት ልጅ በጕንጯ ላይ ጭርት ወጣባት እንበል። አባቷ ገበያ ወርዶ ባለሱቁ «ለቆዳ ነው» ብሎ የሰጠውን ቅባት ይዞላት ይመጣል። በሦስተኛው ቀን መቅላቱ ይጠፋል፥ ማሳከኩ ይተዋል፤ ቤተ ሰቡ ሁሉ መድኃኒቱን ያመሰግናል። ቅባቱ በተቋረጠ ጊዜ ጭርቱ ከፊተኛው ሰፍቶ ይመለሳል። እንደ ገና ይቀባል፥ እንደ ገና የጠፋ ይመስላል። በጥቂት ወራት ውስጥ ክብነቱ ፈርሶ እስከ አንገቷ ይደርሳል፥ ቆዳዋም ይሳሳል። ይህ ቅባት ያዳከመው ፈንገሱን አልነበረም፤ ሰውነት ከፈንገሱ ጋር የሚያደርገውን ውጊያ ነበር እንጂ። መቅላትና ማሳከክ የውጊያው ምልክቶች ናቸው፤ ወታደሮቹ ዕረፉ በተባሉ ጊዜ ጠላት ያለ ከልካይ አገሩን ወረሰው። እ.ኤ.አ. በ1968 አይቭና ማርክስ የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች ይህን ነገር በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ ገልጠው ጽፈዋል፤ መልኩን ለውጦ የሚሰወር ስለ ሆነም ማንነቱን የደበቀ ጭርት የሚል ስም ሰጡት።

የዚህ ዓይነቱ ቅባት የወገን ስሙ ኮርቲኮስቴሮይድ ነው። ቤታሜታዞንና ክሎቤታዞል ከዚህ ወገን ናቸው። ሐኪም ለሌላ የቆዳ ሕመም ሲያዝዛቸው እጅግ ይጠቅማሉ፤ ፊት ያቀላሉ እየተባሉ መሸጣቸው ግን የሚያሳዝን ነው። ክሎትሪማዞልና ክሎቤታዞል የሚባሉትን ስሞች እስኪ አስተያዩአቸው። ሁለቱም በ«ክሎ» ይጀምራሉ፥ በ«ዞል» ይጨርሳሉ፤ ሥራቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። ፊደል የማያውቅ ሰው በጆሮው ብቻ ሰምቶ አንዱን በሌላው ቢለውጥ አይፈረድበትም። ስለዚህ የስሙን መካከል አንብቡ፤ «ትሪማ» ያለበት ፈንገስን የሚያጠፋው ነው፥ «ቤታ» ያለበት ሌላው ነው። አንዳንድ ቱቦ ሁለቱን ወገን አደባልቆ ይይዛልና ከትልቁ ስም በታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈውንም ሁሉ ሳታነቡ አትለፉ። በአንድ መንደር ውስጥ የፈረንጁን ፊደል አጥርቶ የሚያነብ አስተማሪው ብቻ ሊሆን ይችላልና፥ ሰዎች ቱቦውን ይዘው ወደ ትምህርት ቤት ቢመጡ ሥራ አስፈቱኝ ብሎ መመለስ አይገባውም።

በቱቦው ላይ ሌላም የሚነበብ ነገር አለ፤ ይኸውም መድኃኒቱ የሚያበቃበት ቀን ነው። ከውጭ አገር በሚመጣው መድኃኒት ላይ የሚታተመው ቀን በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። ለምሳሌ 06/2024 የሚል ቢሆን፥ በእኛ አቈጣጠር የሚያስብ ሰው የካቲት 2024 መስሎት ገና ብዙ ዓመት የሚያገለግል ይመስለዋል። የተጻፈው ግን የሰኔ ወር ነው፤ መድኃኒቱም ያበቃው በእኛ ሰኔ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ቀኑ ያለፈበትን ቅባት መጠቀም አይገባም።

ትክክለኛው ቅባት ከተገኘ በኋላ ስፍራውን በውሃና በሳሙና አጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ፈጽሞ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ በርጥብ ቆዳ ላይ መቀባት ለሻጋታው ውሃ እንደ ማጠጣት ነው። ቀጥሎ ቅባቱን በስሱ አድርጎ ጧትና ማታ መቀባት ነው። ፈንገሱ ዐይን ከሚያየው ድንበር አልፎ ስለሚሄድ፥ ከጭርቱ ዳር ውጭ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ጤነኛውን ቆዳ ጨምሮ ይቀባል። አወፍሮ መለሰን መድኃኒቱን ከመጨረስ በቀር ትርፍ የለውም። መጠኑን ለማወቅ፥ በትልቅ ሰው ሌባ ጣት ላይ ከመጨረሻው መታጠፊያ እስከ ጫፉ ድረስ ከቱቦው ቢጨመቅ ግማሽ ግራም ያህል ይሆናል፤ ይህም ሁለት የትልቅ ሰው እጆች ከነጣቶቻቸው ተዘርግተው የሚሸፍኑትን ቆዳ ይበቃል። ይህ ለልጆች መልካም የሂሳብ ጥያቄ ነው፤ ጭርቱ የአንድ እጅ ስፋት ቢሆን በአንድ ጊዜ ሩብ ግራም፥ በቀን ግማሽ ግራም፥ በ28 ቀን 14 ግራም ይፈልጋል። ስለዚህ 20 ግራም የሚይዝ አንድ ቱቦ ይበቃዋል፤ አንድ ቱቦ ለሦስት ሰው ተካፍሎ ግን ማንንም አያድንም።

ሰዎች ከሁሉ ይልቅ የሚሳሳቱት በቀኑ ቍጥር ነው። ማሳከኩ በሳምንት ውስጥ ሊቀር ይችላል፥ ፈንገሱ ግን ገና አለ። የአረሙን ቅጠል በጥሶ ሥሩን የተወ ገበሬ ምን እንደሚያገኘው ሽማግሎች ያውቁታል። የሰውነት ጭርት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይቀባል፥ የእግር ጣቶቹም አራት ሳምንት ያህል፤ ምልክቱ ከጠፋ በኋላም አንድ ወይም ሁለት ሳምንት መጨመር ይገባል። ቋቍቻ ከዚህ ይለያል፤ ፈንገሱ ከሞተ በኋላም ንጣቱ ብዙ ወራት ይቈያልና፥ የቆዳው መልክ አልተመለሰም ብሎ ያለ ልክ መቀባት ከንቱ ድካም ነው።

ጥቂት ማቃጠል ቢሰማ አያስፈራም። ቆዳው ቢያብጥ፥ ውሃ ቢቋጥር ወይም እጅግ ቢቀላ ግን ቅባቱን አጥቦ መተውና ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ከዐይንና ከአፍ ይራቅ፤ ከመቀባት በፊትና በኋላ እጅ ይታጠብ፤ ቱቦው ልጆች በማይደርሱበት ስፍራ ይቀመጥ። ነፍሰ ጡር ሴት አስቀድማ ትጠይቅ። ለልብ ሕመም ደም የሚያቀጥን ዋርፋሪን የሚባለውን መድኃኒት የሚውጥ ሰውም ማይኮናዞልን ሐኪም ሳይጠይቅ አይቀባ፤ በቆዳ አልፎ የዋርፋሪኑን ኃይል ሊያበረታበትና ሊያደማው ይችላል። በላዩ ላይ ነጭ ሽንኩርት ፈጭቶ መለጠፍ ቆዳን እንደ እሳት ይልጣል፤ ላምባ መቀባትም እንደዚሁ የተከለከለ ይሁን።

ቈረቈር ግን በቅባት ብቻ አይድንም። ምክንያቱም ፈንገሱ ከጠጕሩ ውስጥና ከሥሩ ገብቶ ስለሚኖር ቅባቱ አይደርስበትም። በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ፈንገስ ጠጕሩን ከቆዳው እኩል ይሰብረዋልና፥ በተመለጠው ስፍራ ላይ ጥቍር ነጠብጣብ ይታያል። እ.ኤ.አ. ከ1904 ጀምሮ በፓሪስ ሳቡሮ የተባለ ሐኪም የታመመውን ጠጕር በራጅ ጨረር ያረግፍ ነበር፤ ብልሃቱም በብዙ አገር ተሠራበት፥ በኋላ ግን በጨረሩ ምክንያት እብጠትና ነቀርሳ ያገኛቸው ሰዎች ብዙ መሆናቸው ታወቀ። ዛሬ ግሪሲዮፉልቪን የሚባል የሚዋጥ መድኃኒት አለ፤ የጤና ባለሙያ በልጁ ክብደት መጠን ያዝዘዋል፥ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይወሰዳል። ከስብ ጋር ካልሆነ ወደ ደም በሚገባ አይገባምና ከወተት ወይም ቅቤ ካለበት ምግብ ጋር ይዋጥ፤ በጾም ቀን ዘይት የበዛበት ወጥ ይበቃዋል። ራሱ አብጦ መግል ቢይዝ እናቶች በምላጭ እንዳይበጡት ንገሯቸው፤ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ጭርት መስሎ ጭርት ያልሆነ ነገርም አለ። ነጣ ወይም ቀላ ያለ፥ የማያሳክክና ቅርፊት የሌለው ምልክት ብታዩ፥ ልጁ ዐይኑን ጨፍኖ ሳለ በጥጥ ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ ንኩት፤ የተነካበትንም ስፍራ በጣቱ ያመልክት። በምልክቱ ላይ ሲነካ የማያውቀው ከሆነ የሥጋ ደዌ መጀመሪያ ሊሆን ይችላልና ቅባት ሳትሰጡ ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት። ምልክቱ ቢሰማውም ከሕመሙ ነጻ ነው ማለት አይደለምና፥ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት ቅባት በኋላ ካልተለወጠ እንዲሁ ይታይ። እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ይህ ሕመም በአንድነት በሚሰጡ መድኃኒቶች የሚድን ሆኗል፤ መድኃኒቱም በነጻ ይሰጣል። በጊዜ ከተጀመረ ጣትና ዐይን አይጐዳም። የጥጡን ምርመራ በክፍል ውስጥ በልጆች ፊት አታድርጉት፤ ወላጁን ጠርታችሁ ለብቻ አድርጉት እንጂ፥ አንድ ጊዜ የወጣ ስም በቅባት አይጠፋምና።

ጭርት ወይም ቈረቈር ያለበት ልጅ መድኃኒቱን ከጀመረ ከትምህርት ቤት አይባረር። ቆብ፥ ሻሽና ማበጠሪያ ግን አይዋሰ። በበዓል ዋዜማ የመንደሩን ልጆች ሁሉ በአንድ ምላጭ መላጨት ካለ፥ ለእያንዳንዱ አዲስ ምላጭ ይሁን። ከአንድ ቤት አንድ ልጅ የታመመ እንደ ሆነ እኅቶቹና ወንድሞቹም ራሳቸው ይታይ፤ በደጅ የታሰረው ጥጃም በዐይኑና በአንገቱ ዙሪያ ጠጕሩ በክብ ተመልጦ እንደ ሆነ ይታይ።