ሰው ሠራሽ ቆዳ በሌዘር ልቅረጽ?

ጥያቄ፦ አክሪሊክና ኤምዲኤፍ በሲኦቱ ሌዘር እቆርጣለሁ። አንድ ደንበኛ ሰው ሠራሽ ቆዳ አምጥቶ «ስም ቅረጽልኝ» አለኝ። ጭስ መሳቢያ አለኝ፤ ችግር ይኖረዋል?

መልስ፦ ከምን እንደተሠራ ሳያውቁ አይንኩት። ብዙ ጊዜ ፒቪሲ ነው፤ ሲቃጠል የሃይድሮጂን ክሎራይድ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ እርጥበት ሲያገኝ አሲድ ሆኖ ሳንባን ይጎዳል፣ የማሽኑንም ሐዲድ ያዝጋል። መሳቢያው ቢበዛ መርዙን ወደ ጎረቤት ይልከዋል።

ፒቪሲ መሆኑን ለመለየት ደጅ ወጥተው የመዳብ ሽቦ በፒንሳ ይዘው እሳት ላይ ያግሉ፣ ከቆዳው የተቆረጠ ትንሽ ቁራጭ ያስነኩት፣ መልሰው እሳቱ ላይ ያድርጉት። ነበልባሉ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን አለበት፤ ዕቃውን ለባለቤቱ ይመልሱ። ካልሆነም ምንነቱን ሻጩ ይንገርዎ፤ ሌላ መርዝ የሚያወጣም አለና።

የለመዱትን አክሪሊክም ቢሆን ማሽኑ ላይ ጥለው ሻይ ሊጠጡ አይውጡ፤ አየር መንፊያው ከቆመ በቀላሉ ይቀጣጠላል። የካርቦን ዳይኦክሳይድ እሳት ማጥፊያ እጅዎ በሚደርስበት ቦታ ይስቀሉ።