የአክሲዮን ገበያና የሕዝብ ኑሮ

በዜና ማሰራጫዎች «የአክሲዮን ዋጋ ከፍ አለ» ሲባል ደጋግመን እንሰማለን። ይህን የሰማ ሰው አገር በለጸገ፣ ኑሮ ተሻሻለ ብሎ ሊያስብ ይችላል። ነገሩ በእርግጥ እንዲህ ነውን? የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ነዋዮች ገበያ በጥር ወር 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ስለ ጀመረ ጥያቄው የእኛም ሆኗል።

አክሲዮን የአንድ ኩባንያ ባለቤትነት ድርሻ ነው። የሚገዛው ሰው ኩባንያው ወደፊት የሚያገኘውን ትርፍ ተስፋ አድርጎ ይገዛል። ስለዚህ ዋጋው ከዛሬው ሥራ ይልቅ የነገውን ተስፋ ይከተላል።

በአሜሪካ የሆነውን እንመልከት። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ኤስ ኤንድ ፒ 500 የተባለው የታላላቅ ኩባንያዎች የዋጋ መለኪያ፣ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 19 እስከ ማርች 23 ቀን 2020 ባለው ጊዜ በ34 በመቶ ገደማ ወደቀ። በኤፕሪል ወር ሥራ አጥነት ከ14 በመቶ በላይ ደረሰ። ኦገስት 18 ቀን ግን መለኪያው ከቀድሞው ሁሉ የላቀ ከፍታ ላይ ሲገኝ፣ ሥራ አጡ ገና ከ8 በመቶ በላይ ነበረ። ገበያው ሲደሰት ብዙ ቤተሰብ ያዝን ነበር ማለት ነው።

ለዚህ ልዩነት ሦስት ምክንያቶችን እናቀርባለን። አንደኛ፣ በመለኪያው ውስጥ ትልቁን ክብደት የያዙት ግዙፍ ኩባንያዎች ናቸው፤ የተዘጋው ትንሽ ምግብ ቤትና ጸጉር አስተካካዩ በዚያ አይቈጠሩም። ሁለተኛ፣ የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ ወለድን ወደ ዜሮ ስላወረደ ትርፍ ፈላጊው ገንዘብ ወደ አክሲዮን አዘነበለ። ሦስተኛ፣ በአሜሪካ ካለው አክሲዮን ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ከአሥር እጅ አንዱ በሆኑት ባለጸጎች እጅ ነው። ስለዚህ የዋጋው መጨመር የሁሉን ጓዳ አይሞላም።

ይሁን እንጂ ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው አንልም። እ.ኤ.አ. በ1929 የጀመረው ውድቀት እስከ 1932 ድረስ በኒው ዮርክ የአክሲዮን ዋጋን ወደ 90 በመቶ በሚጠጋ መጠን አወረደ፤ በ1933ም ከአራት ሠራተኞች አንዱ ያህል ሥራ አጥ ነበረ። በረጅም ዘመን ዋጋን የሚሸከመው እውነተኛ ምርትና ትርፍ ነው።

እንግዲህ የአክሲዮን ገበያ የኑሮ አንድ ምልክት እንጂ የኑሮ ሙሉ መስታወት አይደለም። ለልጆቹ ትምህርት ያጠራቀመውን ገንዘብ አክሲዮን ሊገዛበት የሚያስብ ወገናችን ከዋጋው አስቀድሞ የኩባንያውን ሥራ፣ ሒሳብና ዕዳ ይመርምር። የአገርን ጤንነት የሚመዝንም የእህሉን ዋጋ፣ የሠራተኛውን ደመወዝና የሥራ አጡን ቍጥር ይጠይቅ።

ለውይይት፦
1. የአክሲዮን ዋጋ ሲጨምር ተጠቃሚው ማን ነው?
2. በአካባቢያችን የኑሮን መሻሻል በምን እናውቃለን?
3. አክሲዮን ከመግዛታችን በፊት ምን ልንጠይቅ ይገባል?