ገበሬውን የሚያቆም ምጽዋት

ምጽዋት የክርስቲያን ግዴታ መሆኑን የማያውቅ ምእመን የለም። ነገር ግን መስጠት ብቻውን አይበቃም፤ ምን እንደምንሰጥ፥ መቼ እንደምንሰጥና የምንሰጠውንም ከማን እንደምንገዛ ማስተዋል ይገባናል። በየአጥቢያው ለተቸገሩ ሰዎች እህል በምናሰባስብበት ጊዜ ጥቂት ማሳ ያለውን ገበሬ ልንዘነጋው አይገባንም።

መኸር በገባ ጊዜ፥ በታኅሣሥና በጥር፥ እህል በገበያ ይበዛል፤ ዋጋውም ይረክሳል። ገበሬው ግን ግብርና ዕዳ ስላለበት ዋጋው እስኪነሣ መቆየት አይችልም። ክረምት በደረሰ ጊዜ ጎተራው ይራቆታል፤ በርካሽ የሸጠውንም እህል በውድ ሊገዛ ይወጣል። ገንዘብ ያጣ እንደ ሆነ ለዘር ያኖረውን ይበላል። ዘሩን የበላ ገበሬ የሚመጣውን ዓመት እንጀራ አስቀድሞ በላ ማለት ነው።

ጥጋብም ቢሆን ገበሬውን የሚጎዳበት ጊዜ አለ። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. በአገራችን የበቆሎ ምርት ስለ በዛ ዋጋው ወደቀ፤ ብዙ ገበሬዎችም የማዳበሪያ ዕዳቸውን መክፈል አቃታቸው። ወዲያው ዝናም ስለ ጎደለ በ1995 ዓ.ም. ሚሊዮኖች ርዳታ የሚጠብቁ ሆኑ። ጥጋቡን የሚሰበስብ እጅ ባይኖር ረኀቡ ባዶ ጎተራ ያገኛል።

ዮሴፍ በግብፅ በጥጋቡ ዓመታት ከምድር ፍሬ አምስተኛውን እጅ አከማችቶ ሕዝቡን አዳነ (ዘፍ. 41)። የአንጾኪያ ምእመናንም ረኀብ እንደሚመጣ ከነቢዩ ከአጋቦስ በሰሙ ጊዜ፥ እያንዳንዳቸው እንደ ችሎታቸው አዋጥተው በይሁዳ ለሚኖሩ ወንድሞች በበርናባስና በሳውል እጅ ሰደዱ (የሐዋ. 11)። እንግዲህ ምጽዋት ርኅራኄ ብቻ ሳይሆን አስቀድሞ ማሰብም ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንድናደርግ ይገባናል። አንደኛ፥ የሰበካው መዋጮ በጥር እህሉን ከአካባቢው ገበሬ በተገቢ ዋጋና በእውነተኛ ሚዛን ይግዛ፤ በክረምትም ለችግረኛው ያከፋፍል። በመኸር ወራት ከሩቅ አምጥተን በነጻ የምናድለው እህል የጎረቤታችንን ገበያ ሊሰብር ይችላልና። ሁለተኛ፥ ከመዋጮው ከፊሉ ዘር ይሁን። ጤፍ በብተና ሲዘራ ለአንድ ሄክታር ከ25 እስከ 30 ኪሎ ይበቃል። አንድ ኩንታል ለምግብ ቢሰጥ አንድ ቤተ ሰብን ጥቂት ሳምንታት ያኖራል፤ ለዘር ቢሰጥ ግን ከሦስት ሄክታር በላይ ይዘራል። ሦስተኛ፥ ነቀዝ የበላውንና የሻገተውን እህል ለድኻ አንስጥ፤ ለራሳችን ማዕድ የማንወደውን ለክርስቶስ ወንድሞች ማቅረብ ነውር ነው።

ከነሐሴ 1 እስከ 15 ቀን የምንጾመው ጾመ ፍልሰታ ገበሬው በሚቸገርበት ወራት ይውላል። በጾሙ ከማዕዳችን የተረፈው በኪሳችን ቢቀር ጾማችን ቍጠባ ብቻ ይሆናል፤ ወደ ተራበው ቤት ቢሄድ ግን መሥዋዕት ይሆናል። ይህን እንድንፈጽም የእግዚአብሔር ቸርነት ይርዳን። አሜን።